ዕድሜሽን መንገደኛ ይንገርሽ

የእህቴ ልጅ፣ የላክሽልኝ የፀጉር ቀለም ከሹራቡ ጋር ደርሶኛል። ደብዳቤሽንም ደጋግሜ አነበብኩት። የመሥሪያ ቤታችሁ አዲስ ጥበቃ በር ላይ "ማዘር፣ ቦርሳውን ይክፈቱልኝ" አለሽና ቀኑን ሙሉ ሲከነክንሽ ዋለ። ገና አርባ ሳይሞላሽ! ማታውኑ ሁለት ቀለም ገዛሽ፤ አንዱን ለራስሽ፣ አንዱን ለእኔ። አስበሽልኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኩም። ይልቅ ጥበቃው የጀመረውን ወሬ እኔ ልቀጥለው።

ስልሳን የተሻገርኩ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ከዕድሜዬ የሚበልጠውን የኖርኩት አሶሳ ነው። ምክሬ አጭር ናት፤ የሚረዝመው ማስረዳቱ ነው። ዕድሜሽን ከመስታወት አትጠይቂ፤ ከቤተሰብም አትጠይቂ። ከማታውቂው ሰው ተቀበዪው።

ቤት ውስጥ ያለ ሰው ዕድሜሽን በልኩ አይነግርሽም። ክፋት ኖሮበት አይደለም። ልጅ እናቱን እንደ ቤቱ ምሰሶ ነው የሚያያት፤ ምሰሶ መቼ እንደተተከለ ማን ይጠይቃል? ሲያዘነብል ብቻ ነው የሚደነግጠው። ባልም በልቡ ያስቀመጣት የዛሬ ሠላሳ ዓመት ያገባትን ልጅ ነው፤ በየጊዜው ከእሷ ጋር ያስተያይሻል። እህትማማቾች ደግሞ አይጣል ነው። እናትሽ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ፊት ታላቋ እኔ እንደሆንኩ ታወራለች፤ እውነቱን እግዜር ይወቀው። መሥሪያ ቤት የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 60 ሲሞላሽ አመስግኖ ደብዳቤ ይጽፍልሻል። መንገደኛ ግን ትናንት ምን ትመስዪ እንደነበር አያውቅም። ስለማያውቅም የጎደለሽን አይቆጥርም። ዓይኑ የሚያርፈው ፊቱ በቆመችው ሴት ላይ ነው።

ወደ አምሳ ስጠጋ ሌሊት ሌሊት ሰውነቴን ያቃጥለኝ፣ አንሶላው እስኪረጥብ ያልበኝ ጀመር። እዚህ አገር ሌሊት ያላበው ሰው ሁሉ "ወባ ነው" ነው የሚለው፤ ቤኒሻንጉል የወባ አገር ነው፣ አያሳፍርም። ጤና ጣቢያ ሄድኩና ለምርመራ ደም ለመስጠት ተሰለፍኩ። ከኋላዬ አንዲት የአገሩ ነባር፣ የበርታ ሴት ነበረች። በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ፣ እንደ ድሮዎቹ የበርታ ሴቶች፣ ሦስት ሦስት ቁልቁል የወረዱ ጠባሳዎች ነበሩባት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። አማርኛዋ ዓረብኛ ይቀላቅላል።

"ምንሽን ነው?" አለችኝ።

"ወባ መሰለኝ።"

"ወባ ያንቀጠቅጣል። ያንቀጠቅጥሻል?"

"አይ፣ ያቃጥለኛል እንጂ።"

"የወር አበባሽስ?"

ሰልፉ ውስጥ ወንዶች ነበሩ። ከመካከላቸው ያስተማርኳቸው ሳይኖሩ አይቀሩም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አንዴ ይመጣል አንዴ ይቀራል አልኳት። እሷ ግን ድምጿን አልቀነሰችም። "ወባ አይደለም፤ ጨርሰሻል። አልሐምዱሊላህ በይ!" ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ምርመራውም ወባ የለብሽም አለኝ።

እናቴ፣ አያትሽ ማለቴ ነው፣ ስለ ማረጥ ትንፍሽ ሳትል ነው የሞተችው። እኔም ለሴት ልጆቼ አልነገርኩም ነበር። ያቺን ሴት ግን የማፍርበት ምክንያት አልነበረኝም፣ እሷም የምትጠብቀው ይሉኝታ አልነበራትም፤ ስለዚህ ሁሉን አወራን። ረመዳንን አንድ ቀን ሳትፈታ መጾም የቻለችው ካረጠች ወዲህ መሆኑን እንደ ሹመት ነው የነገረችኝ። በፊት የሚያመልጧትን ቀናት ቆይታ ብቻዋን ስትከፍል ትኖር ነበር። እኔም የእኛን ነገርኳት። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ስንት በዓል ነው "ዛሬ አልገባም" ብለን ከቅጽሩ ውጪ ቆመን ያስቀደስነው! ካረጥሽ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀን አይቆጥርብሽም። ይህን አንድም ሰው "ደስ ይበልሽ" ብሎ አልነገረኝም ነበር። የነገረችኝ ቤተ ክርስቲያን ገብታ የማታውቅ ሴት ናት።

ስለ ቀለሙም ላንሳ። አትቀቢ አልልሽም። የበርታም የሱዳንም ሴቶች ሂናን አይተዉም፤ ባልቴቶቹ ሽበታቸውን በሂና ሲቀቡት እንደ እሳት ይቀላል። ያየው ሁሉ ሥሩ ሽበት መሆኑን ያውቃል። ማንንም አያታልልም፤ ጌጥ ነው። አንቺ የገዛሽው ጥቁር ቀለም ግን ሰው እንዳያውቅ የሚደረግ ነው። ልዩነቱ እሱ ነው። ጌጥ የሆነ እንደሆነ ተቀቢ፤ መደበቂያ የሆነ እንደሆነ በየወሩ ሥሩ ሲወጣ አዲስ ፍርሃት እየገዛሽ ትኖሪያለሽ። በገንዘብም ያከስራል።

ሽማግሌ የሌለበት አገር ምን እንደሚመስል ስላየሁ ነው እንዲህ የምከርረው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው አንስቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም አሰፈረ። አሶሳ ያኔ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ ነበረች። ሰፈራ መንደሮቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ አምባ ተብለው በቁጥር ይጠሩ ነበር፣ ዛሬም በዚያው ይጠራሉ። እኔ በ1978 ዓ.ም. በአንዱ አምባ ለማስተማር ተመድቤ መጣሁ። ሰፋሪው ሲመረጥ ለሥራ የደረሰ ጉልበት ያለው ነበር የሚፈለገው፤ አዛውንቱ ወይ አገር ቤት ቀርቷል ወይ ድርቁ ቀድሞ ወስዶታል። ይህን በወሬ አውቀው ነበር፤ የገባኝ ግን ክፍል ውስጥ ነው። "ስለ አያታችሁ ጻፉ" ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ብዙዎቹ ልጆች ደብተራቸውን ባዶውን መለሱልኝ።

እኛ ወሎዎች ደግሞ ያለ ባልቴት አንሆንም። ታውቂያለሽ፣ በእኛ አገር ዱበርቲ የምንላቸው ባልቴቶች ተሰብስበው፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ዱዓ ሲያደርጉ እስላሙም ክርስቲያኑም ችግሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ልጅ ሲወለድ የሚመርቅ፣ ሲታመም የሚያይ፣ ሁለት ሲጣሉ "እኔን አፈር ስሆን" ብሎ የሚገባ አሮጊት ያስፈልጋል። አምባው ውስጥ ይህ ሁሉ በሠላሳ ዓመት ሴቶች ጫንቃ ላይ ወደቀ። ገና ጡት የሚያጠቡ ሴቶች መራቂ ሆኑ። መራቂ መሆኑ ግን በጉልበት አይሆንም፤ ምርቃቱ አፋቸው ላይ አልረጋ አላቸው። ታዲያ በገበያ ቀን ማንጎና ቀርከሃ ሊሸጡ የሚመጡትን የበርታ እናቶች እያስቆሙ፣ በቋንቋ ሳይግባቡ፣ "መርቂልኝ" እያሉ ሕፃናቸውን ያቀርቡላቸው ነበር። ሴትዮዎቹ ሸክማቸውን አውርደው፣ በልጁ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው፣ በቋንቋቸው ይመርቃሉ። "አሜን"ን ብቻ ሁለቱም ወገን ያውቃታል።

ይህን ስነግርሽ ነገሩ ሁሉ ማር ነበር እንዳትዪ። መሬቱ የማን ነበር ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ የደኑ መመንጠር፣ የእርሻው መጣበብ በነባሩ ሕዝብ ልብ ያስቀረው ነገር አለ። ቢሆንም በዚያ መሃል የማታውቀውን የሰፋሪ ልጅ የመረቀች አሮጊት ዕድሜዋን ለባዳ ከፍላ ሄዳለች። እንዲህ ያለውን ነገር የሚጽፍ ሰው የለም፤ እኔ መቼም አልረሳውም።

ወደ መንገድ ልውሰድሽ። ከአዲስ አበባ አሶሳ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በባምባሲ ይመጣል። ያኔ በአንድ ቀን አይገባም ነበር። መንገድ ላይ ማደር ግድ ነው። አልጋ ሲጠፋ የአልጋ ቤቷ ባለቤት ሴቶቹን ሁለት ሁለት እያደረገች ታስተኛናለች፤ "እኅት አይደላችሁ?" ትላለች፣ በቃ እኅት ትሆናላችሁ። ልጄ፣ የማታውቂያት ሴት አጠገብሽ ተኝታ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚወራው ወሬ ለንስሐ አባትም አይነገርም። ፊት አይታይ፣ ነገ አትገናኙ፤ ሰው እውነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል?

እንዲህ ካገኘኋቸው አንዷ የመንዲ ነጋዴ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ልጆቿ "በዚህ ዕድሜሽ?" እያሏት ቡና መነገድ የጀመረች። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። "እርጅና ሲመጣ አለቀስኩ" አለችኝ። "ከዚያ አንድ ቀን አምሽቼ ስገባ 'የት ነበርሽ?' ያለኝ ሰው አለመኖሩን አስተዋልኩ። የዚያን ቀን ማልቀሴን ተውኩ።" በጨለማው ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ያኔ የአንቺን ዕድሜ ነበርኩ፣ እንዳንቺም እፈራ ነበር። ስሟን ሳልጠይቃት ጠዋት በየአውቶቡሳችን ተለያየን። ከብዙ ዘመዶቼ ይልቅ እሷ ትዝ ትለኛለች።

ከእሷ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ዕድሜዋን ሳልጠይቃት ቀድማ ነገረችኝ። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። ከሰው ጋር ስትቀመጪ፣ ወሬ እንደተጀመረ፣ ቁጥሩን ቀድመሽ አውጪው። ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር ስለሌለ አንገትሽ ይላላል፤ እዚያኛው ወገን ያለውም የራሱን ማውጣት ይጀምራል።

የታወቁ ሰዎች ምሳሌ ከፈለግሽ ከራሳችን አገር፣ ግሸን ካለችበት ከአምባሰል ልስጥሽ። እናቴ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ትወጣ ነበር፤ ከግሸን መንገድ ጋር ስማቸው የተያያዘ ሁለት ሴቶች አሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ተወለዱ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ወደ አርባ አምስት ዓመት ሲጠጉ፣ ለንግሥ ወደ ግሸን ሲሄዱ ወሎ በረሃብ ተመትቶ አገኙት። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ያቺንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ከሃያ አለፉ፤ ባለቤታቸውም ወይ ልጆቹን ወይ ቤቱን ምረጪ ሲሉ ልጆቹን መርጠው ወጡ። ከዚያ የተነሳው ድርጅት ስንት ሺህ ሰው እንዳሳደገ አገር ያውቃል። በሰኔ 2013 በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ "እናቴ" ብሎ ያለቀሰው አብዛኛው ሰው በሥጋ የማይዘመዳቸው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የመጀመሪያዋ ቀን ናት። አርባ አምስት ዓመት የሞላት ባለትዳር ሴት ሕይወቷ ያለቀ፣ የተቀመጠ ይመስላታል፤ የሳቸው ግን ከመንገድ ዳር ጀመረ።

ሁለተኛዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው፤ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ ሙዚቃ ልባቸውን የወሰደው። በወጣትነታቸው ዓለምን ትተው ግሸን ገቡ፤ አሥር ዓመት ያህል በዚያ ተራራ በባዶ እግራቸው ኖሩ። በኋላ ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም በአንዲት ክፍል ፒያኗቸውን ይዘው ተቀመጡ። የፒያኖ ሥራቸው ከአገር ውጭ በሰፊው የተሰማው ፈረንሳይ የሚታተመው ኢትዮጲክስ የተባለው የሲዲ ተከታታይ 21ኛውን ቅጽ ለሳቸው በሰጠበት በ1998 ዓ.ም. ነው፤ 82 ዓመታቸው ነበር። ያን ሲዲ በአጋጣሚ የሰማች ማያ ዱኒየትዝ የምትባል ወጣት እስራኤላዊት ፒያኒስት ገዳማቸው ድረስ ሄዳ በራቸውን አንኳኳች። ሃይማኖቷ ሌላ፣ አገሯ ሌላ፣ ዕድሜዋ የልጅ ልጅ። እማሆይ ዘመናቸውን ሙሉ በእጃቸው የጻፉትን ኖታ በአሮጌ ከረጢት ሞልተው ሰጧት። ከዚያ በ2005 ዓ.ም.፣ ዘጠና ሊሞላቸው ሲል፣ ድርሰታቸው በመጽሐፍ ታተመ፣ ኮንሰርትም ተዘጋጀለት። በመጋቢት 2015 አረፉ። ያ ከረጢት ለስንት ዓመት ተቀምጦ ኖሮ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ለማን እንደሚሰጡት አውቀው አልጠበቁም፤ በሩ ሲንኳኳ ግን ከፈቱ።

የተማርሽ ነሽና ጥናትም ልጥቀስልሽ፤ በቤካ ሌቪ የሚመራ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው ነው። በኦሃዮ ግዛት አምሳና ከዚያ በላይ ዓመት የሞላቸውን 660 ሰዎች ለሃያ ዓመታት ያህል ተከታትለው፣ እርጅናቸውን በበጎ ያዩ የነበሩት በክፉ ካዩት ይልቅ በአማካይ 7 ዓመት ተኩል የበለጠ መኖራቸውን አገኙ። ጥናት ጥናት ነው፤ ኦሃዮም አሶሳ አይደለችም። ነገር ግን በ77 ድርቅ ጊዜ የኢትዮጵያዊ አማካይ የሕይወት ዘመን 45 እንኳ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። አንቺ "ማዘር" ስትባዪ የከነከነሽ ዕድሜ ላይ ከአያትሽ ትውልድ ያልደረሰው ብዙ ነው። አንቺ ከፊትሽ ገና ብዙ ዓመት አለሽ። ፈርተሽ ልትጨርሺው ነው?

ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ወዲህ በኩርሙክ በኩል የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ኩርሙክ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኡራ የሚባል ቦታ ላይ መጠለያ ተሠርቶላቸዋል፤ አንዳንዶቹ ወደ ከተማም ይመጣሉ። አንድ ቀን ገበያ ባሚያ ስመርጥ ሕፃን ያዘለች ልጅ ክንዴን ያዘችኝ። "ሐቦባ" አለችኝ፤ እነሱ አያታቸውን እንዲያ ነው የሚጠሩት። አያቷ መንገዱን አልቻሉም፣ እዚያው ሱዳን፣ ደማዚን ቀርተዋል። በእኔ ዓረብኛና በእሷ እጅ ምልክት ተረዳሁት፤ ልጁን እንድነካላት ነው የፈለገችው። ገበያው ሙሉ ሴት ሳለ እኔን የመረጠችው ስለ ሌላ አይደለም፣ ነጠላዬ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ሽበቴ ስለታየ ነው። ቀለም ተቀብቼ ቢሆን አልፋኝ ትሄድ ነበር።

የልጁን እርግብግቢት ዳሰስኩት፤ ጎድጉዷል። ሲያስቀምጠው ሰንብቷል ማለት ነው። ይሄ ልጅ ላሳደገች ሴት ሁሉ የታወቀ ምልክት ነው፤ ውኃው ከሰውነቱ ካለቀ ይጎደጉዳል፣ ጊዜ አይሰጥም። ለምለም የሚባለውን የተቅማጥ ዱቄት በጥብጠሽ እያጠጣሽው ወደ ጤና ጣቢያ አልኳት፤ እንዳልገባት ሳይ ባጃጅ አስቁሜ አብሬያት ሄድኩ። ባለባጃጁ ጎረምሳ "እናቴ፣ ዘመድዎ ናት?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ከሁሉም አጭሩ መልስ እሱ ነው። ልጁ ዳነ። ኋላ እናቲቱ ለምስጋና መጥታ በዝንጅብል ያፈላችልኝ ቡና ማታ እንቅልፍ ከለከለኝ።

አሁን ደግሞ መራራውን። ዕድሜ ሁልጊዜ አያስከብርም፤ እንዲህ ብሎ የሚምልልሽ ካለ አትመኚው። ያለ ጡረታ፣ ያለ ልጅ የቀረች አሮጊትን "እማማ" ማለት አያጠግባትም። በ2011 መስከረም በክልላችን በካማሺ፣ ከዚያ በኋላም በመተከል ሰው ሲፈናቀልና ሲገደል ሽበት ያዳነው ሰው የለም። ዕቃቸውን በጆንያ ቋጥረው ትምህርት ቤት አዳራሽ ያደሩ ባልቴቶችን አይቻለሁ፤ አማራውም፣ ጉሙዙም፣ ሺናሻውም፣ ኦሮሞውም። ከእነሱ አንዷን "በኩራት አርጂ" ብትያት ምን ትልሽ ይሆን? ስለዚህ ኩራት የምልሽን በባዶ ሆድ የሚሆን አድርገሽ አትያዢው። በአቅምሽ ቆጥቢ። እርጅናሽ በልጅሽ ደግነት ላይ ብቻ እንዲያርፍ አታድርጊ። የጤና መድን ክፍያሽን አታሳልፊ። እነዚህን ነገሮች ካላደረግሽ የሚያከብርሽ መንገደኛ ብቻውን አያኖርሽም።

መንገደኛ ሁሉ ጨዋ ነውም አልልሽም። ወንበር የሚነጥቅሽ አለ፣ "አሮጊት፣ ዞር በይ" የሚልሽ አለ። እሱን እለፊው። እኛ አሮጊቶችም እኮ አናርፍም፤ "በእኛ ጊዜ" ማለት ስንጀምር ማን አጠገባችን ይቀመጣል? ለማታውቂው ሰው ታሪክሽን አታራግፊበት፤ ጠይቂው። የየት አገር ልጅ ነህ፣ እናትህ ደኅና ናት፣ መቼ አየሃት ብትዪው የሚመለስልሽ ከምትነግሪው ይበልጣል። የጉሙዝ ሴት በአንድ እንጨት ሁለት ጫፍ ሸክሟን ሰቅላ በትከሻዋ ስታልፍ አይተሻታል? አንዴ ካማሺ መንገድ ላይ አንዷን እንዴት እንደማይወድቅባት ጠየቅኋት። ሳቀችና እንጨቱን ትከሻዬ ላይ አደረገችልኝ። ሦስት እርምጃ አልሄድኩም፤ ግን እስከ መንደሯ መግቢያ አብረን አወጋን። እኔ ስለ ማስተማር ባወራት ኖሮ አንድ ቃል አታስታውስም ነበር።

በቅርቡ ደግሞ ለፋይዳ መታወቂያ ልመዘገብ ሄጄ ያየሁትን ልንገርሽ። ማሽኑ የትውልድ ቀን ይጠይቃል። የሴቶቹ ሰልፍ ደግሞ ቀኑን በማያውቁ እናቶች የተሞላ ነው። መዝጋቢው ልጅ ትዕግሥተኛ ነበር፤ ሰልፈኛው ሁሉ አብሮት ይቆጥራል። "ጃንሆይ ሲወርዱ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ?" "ምን ክፍል አለኝ፣ ከብት እጠብቅ ነበር።" "እረኛ ከነበርሽ ስምንት ዘጠኝ ይሆንሻል፤ 1967 ሲቀነስ..." የማይተዋወቅ ሰው የሌላውን ዕድሜ እንደ ውርስ ይከፋፈላል። አንዷ የበርታ ሴት ተራዋ ደርሶ፣ "ሰፋሪው ሲመጣ ሦስተኛ ልጄን አዝዬ ነበር" አለች። እኔ ሳቄ መጣ። ሰፋሪው ማለት እኮ እኛ ነን! አርባ ዓመት ሙሉ እዚህ ስኖር የእኔ መምጣት በማላውቃት ሴት ዕድሜ ላይ ምልክት ሆኖ ይኖር ኖሯል።

ልጁ አስልቶ "ስልሳ አምስት ልበል እናቴ?" አላት። ወደ እኔ ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ከዚህች ጋር እኩያ ልታደርገኝ ነው?" አለችው። "ጨምር!" ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ እሷ ግን ቀልድ አልነበረባትም፤ ከመዝጋቢው ጋር ተከራክራ ሦስት ዓመት አስጨመረች። እኔ በሕይወቴ ሴት ዕድሜዋን ስታስቀንስ እንጂ ስታስጨምር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ትመጣለች፣ እኔም እሄዳለሁ። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። እዚህ ያሉት ሐኪሞች ምኒልክ ሆስፒታል ጽፈውላታል፤ በሚመጣው ሳምንት ከልጇ ጋር አዲስ አበባ ትገባለች። ከተማውን አያውቁትም። ስልክሽን ሰጥቻቸዋለሁ። ወጥተሽ ተቀበያቸው፤ ማደሪያ ካላገኙ የአንቺ ሳሎን ይበቃል። አማርኛዋ ጥቂት ነው፣ ጨዋታዋ ግን ብዙ። ሥጋ ከእስላም ቤት ግዢላት፤ ቡናውን በዝንጅብል አፍይላት። ስንት ዓመትሽ ነው ማለቷ አይቀርም፤ እውነቱን ንገሪያት።